እትዬ ድምፅና ያ ጭብጨባ

ተማሪዎቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ በመጨረሻም የወለዷቸው ልጆች ሳይቀሩ «እትዬ ድምፅ» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት መምህርት፣ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው የእርሳስ ፊደሎችን ገልብጠው ሲደረድሩ ከጎናቸው ቁጭ ብለው ስላደጉ፣ ንባብ የጀመሩት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አንደኛ ክፍል የገቡ ዕለት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከመጨረሻው ጀምረው አንብበው ክፍሉን በሳቅ ጨረሱት። መምህሩም «ይህቺ ልጅ ወይ ትማራለች፣ ወይ እኛን ታስተምረናለች» አሉ ይባላል።

ተምረው አስተማሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1964 ዓ.ም. አጠናቀው፣ ሁለት ዓመት በመምህራን ማሠልጠኛ ከቆዩ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. የቋንቋ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። ለአርባ ዓመት ከዚያው ትምህርት ቤት ንቅንቅ አላሉም። በ1971 ዓ.ም. ከሰዓት ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ከአፋቸው ቃል በወረፋ የሚወጣ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁ «እኛ ቤት ሥራ ተከፋፍለናል፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ አዳምጣለሁ፤ ሁለታችንም የትርፍ ሰዓት እንሠራለን» ይሉ ነበር።

«እትዬ ድምፅ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ለንግግር ውድድር የሚያዘጋጁትን ልጅ መድረክ ላይ አቁመው፣ እርሳቸው የአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። የልጁ ቃል እዚያ ካልደረሳቸው «ድምፅ!» ብለው ይጮኻሉ። ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ፣ አፉ የሚደርቅ፣ የያዘው ወረቀት እንደ ቅጠል የሚርገፈገፍ ልጅ ነበር የሚመርጡት። ቀልጣፋውን «አንተ እናትህ አስተምራሃለች» ብለው ያልፉታል። በእጃቸው ካለፉት መካከል ዛሬ ችሎት የሚቆሙ፣ ዜና የሚያነቡ፣ ገበያ መሃል ዕቃ አስተዋውቀው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉም አሉ። በርእሰ መምህሩ ቢሮ በር አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ አሰቅለው፣ ለውድድር ሄዶ የተመለሰውን ሁሉ በጠመኔ ይጽፉ ነበር። ያሸነፈውን ብቻ አይደለም። የመጨረሻ የወጣውንም «ሄዶ ቆመ» ብለው ይጽፉለታል። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሁሉንም ስም እየጠሩ ያስጨበጭቡ ነበር። ትምህርት ቤቱ በእርሳቸው ዘመን ሠላሳ አንድ ዋንጫ አግኝቷል።

ሕመማቸው በበረታ ጊዜ ግን ይህን ጽሑፍ ለምታነበው ለእህታቸው ልጅ «ዋንጫውን ብቻ ቆጥራችሁ እንዳትቀብሩኝ። የዚያችን ልጅ ነገር ጨምሪበት። መጀመሪያ ግን እሷን ጠይቂያት» ብለው አዘዋል። ተጠይቃ ፈቅዳለች። ስለዚህ ቀጥሎ ይነበባል።

በ1985 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ውስጥ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ የምትጎትት አንዲት ልጅ ነበረች። ክፍሉ «ባለሹራቧ» ይላታል። ካልተጠራች አትናገርም፤ ተጠርታም ብትናገር የምትናገረው ለጠረጴዛዋ ነው። የእህታቸው ልጅ ከአንድ ዴስክ ወዲህ ትቀመጥ ስለነበር ይህን በዓይኗ አይታለች። የዚያ ዓመት የትምህርት ቤቶች የድርሰት ውድድር ርዕስ «ቤታችን» የሚል ነበር። ሌላው ልጅ ስለ ጣሪያና ግድግዳ፣ ስለ እናት ፍቅር ጻፈ። ባለሹራቧ አራት ገጽ ጻፈች።

አባቷ የሚዛን ጣቢያ ጸሐፊ፣ ሰፈሩ ቆሞ ሰላም የሚለው ሰው ነበር። ድርሰቱ እርሱ ከሥራ ሲመለስ ቁልፉ በሩ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ይናገራል። ቀስ ብሎ ከዞረ ቤቱ ሰላም ያድራል። ከተንቋቋ ግን እሷ ታናሽ እህቷን ይዛ ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባና፣ ትንሿ ድምፅ እንዳታሰማ በጆሮዋ ተረት ትነግራታለች። ውጭ እናታቸው ላይ የሚደርሰውን አልጻፈችም። የጻፈችው ተረቱን ነው፤ ተረቱ የት የት ላይ እንደተቋረጠ።

በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ፣ በደቃቅ የእርሳስ ጽሕፈት፣ «ለቲቸር ብቻ» የሚል ነበረበት። እትዬ ድምፅ አይተውታል፤ አላየሁም ብለው አያውቁም። ዓይናፋርነት መሰላቸው። እርሳቸው ደግሞ ከልጅ ላይ ዓይናፋርነትን ሲያስወልቁ የኖሩ ሰው ናቸው። በላጲስ አጥፍተው ለውድድሩ ላኩት። አንብበው ሲጨርሱም «ይህቺ ልጅ እንዴት ያለ ምናብ አላት!» አሉ እንጂ፣ «ይህቺ ልጅ ምን እየሆነች ነው?» አላሉም። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርገው ያጻፉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ድርሰቱ አንደኛ ወጣ። የሽልማቱ ቀን ወላጆች ተጠርተው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጅቷ እንድታነብ ስትጠየቅ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ እትዬ ድምፅ ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት፤ ሲያነቡም የመጨረሻው ረድፍ ድረስ እንዲሰማ አድርገው ነው። ቁልፉ ሁለተኛ ጊዜ ሲንቋቋ ቀና ቢሉ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮቱን ተኩሶ የለበሰ ሰውና አንገቷን የደፋች ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እትዬ ድምፅ «እዚያ ላይ ገባኝ» ይሉ ነበር። «ገባኝ፤ ግን ገጹ ግማሽ ላይ ነበርኩ። ጥሩ አንባቢ መሃል ላይ አያቆምም ብዬ ሳስተምር ኖሬአለሁና ጨረስኩት።»

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። የእህታቸው ልጅም መዳፏ እስኪቃጠል አጨብጭባለች። አባትየውም ተነሥቶ ፈገግ ብሎ አጨበጨበ፤ ሌላው ሲያቆም እንኳን እርሱ አላቆመም። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እጁን በልጁ ትከሻ ላይ አድርጎ ፎቶ ተነሣ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ የባለሹራቧ ስም ተጠራ፤ «አቤት» ያለ አልነበረም። ማክሰኞም ቀረች። ረቡዕ እትዬ ድምፅ ቤቷ ድረስ ቢሄዱ የቤት አከራይዋ «እሁድ በጭነት መኪና ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። የት እንደሆነ አልተናገሩም» አሏቸው። ባዶው ክፍል ውስጥ የቀረው፣ አንድ በሩ የተገነጠለ ቁም ሳጥን ብቻ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እትዬ ድምፅ ከዚያ ቀን በኋላ ያው ሰው አልነበሩም። ለፖሊስ አመለከቱ፤ «ቤተሰብ ቤት ቢቀይር ምን ወንጀል አለው?» ተባሉ። ለስድሳ ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ የሰጡት አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም «በዚህ ስም የተመዘገበች የለችም» የሚሉ። ማስተማሩን አልተዉም። ልጆቹን ለውድድር ማብቃቱንም አልተዉም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የተማሪ ጽሑፍ ከማንበባቸው በፊት ልጁን ለብቻው ጠርተው «ማን እንዲሰማው ትፈልጋለህ? ማን እንዳይሰማውስ?» ሳይሉ አላለፉም። በዚህ ጥያቄ ምክንያት ሦስት ልጆች ከነበሩበት ቤት ወጥተው ዘመድ ጋር እንዲያድጉ ሆኗል። በየሽልማቱ ቀን ሦስተኛውን ረድፍ እያስለቀቁ ወንበሩን ባዶ ያደርጉት ነበር። አዲስ ርእሰ መምህር በመጡ ቁጥር «ለክቡር እንግዶች ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ቤት ውስጥም ነገሩ አልለቀቃቸውም። ሬዲዮ ላይ ጭብጨባ ከመጣ ከክፍሉ ይወጣሉ። ባለቤታቸው ይህን ካወቁ ወዲህ፣ የጥያቄና መልስ ዝግጅት ሲያዳምጡ አንድ እጃቸውን ከድምፅ መቀነሻው ላይ አያነሡም ነበር። ተወዳዳሪው በመለሰ ቁጥር ቀስ ብለው ያጠፉታል፤ ትንሽ ቆይተው ይመልሱታል። 

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ለወጉ ያህል የስንብት ዝግጅት ሊደረግላቸው ሲል፣ ካልተጨበጨበ ብቻ እመጣለሁ ብለው ሄዱ። ተማሪዎቹም እጃቸውን ብቻ አውለበለቡላቸው።

በ2012 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የልጁን ዲፕሎማ ፍሬም ሊያስገባ ሌላ ከተማ የሚገኝ ፍሬም ቤት ገብቶ፣ መስታወት የምትቆርጠውን ሴት አወቃት። እትዬ ድምፅ ወሬውን በሰሙ በማግሥቱ ከእህታቸው ልጅ ጋር በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ሄዱ። ፍሬም ቤቱ ጠባብ ነው። ወለሉን የእንጨት ብናኝ ሸፍኖታል። ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ የምስክር ወረቀቶችና የምረቃ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ መስታወት ላይ አጎንብሳለች።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሏት።

ሳትዞር «ቲቸር» አለች።

«በምን አወቅሽኝ?»

«በድምፅዎ።»

እትዬ ድምፅ ለሃያ ሰባት ዓመት ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው። «ሳልጠይቅሽ አነበብኩት» ብቻ አሉ።

«አዎ፤ አልጠየቁኝም» አለች፤ ዞራ የፕላስቲክ በርጩማ እያቀረበችላቸው። ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰባት ጠየቋት። ሴትዮዋ መቁረጫውን በጨርቅ እየወለወለች፣ የዋጋ ዝርዝር እንደምትናገር ሁሉ፣ «ያን ቀን ምንም አላደረገኝም። አዲሱ ቤት ስንገባ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና 'እንደ መምህርሽ አድርገሽ አንብቢልኝ' አለኝ። ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ ቆሜ አነብለታለሁ። ስጨርስ እናቴና እህቴ ያጨበጭባሉ። ካላጨበጨቡ ከመጀመሪያው ነው። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር። ከዚያ ታሞ ሞተ፤ ተገላገልን» አለች።

የእህታቸው ልጅ ፊቷን ግድግዳው ላይ ወዳሉት ፎቶዎች አዞረች። እትዬ ድምፅ ግን ፊታቸውን አላዞሩም። «ይቅር በዪኝ» አሏት።

ሴትዮዋ መቁረጫውን አስቀመጠች። «ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እርስዎም እፎይ ይሉ ነበር። ግን ገና አልወጣልኝም፣ ቲቸር። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«አትዋሺኝ» አሏት።

ሊሄዱ ሲነሡ፣ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አስቆመቻቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጽሑፉ ግን... ጥሩ ነበር? ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ ለማን እንደሆነ አላወቅሁም።»

እትዬ ድምፅ ወደ እሷ ተጠግተው፣ ከሁለቱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ መለሱላት። የእህታቸው ልጅ ምን እንዳሏት አልሰማችም፤ በኋላም አልጠየቀችም። ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ ወደ መስታወቷ ተመለሰች። 

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ወራት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው «አስቁሟቸው» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ጆሮአቸውን በሁለት እጃቸው ይሸፍኑላቸው ነበር። የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

እትዬ ድምፅ አንዲት ነርስ ሴት ልጅና አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና ይህን ያነበበችላችሁን የእህት ልጅ፣ እንዲሁም ከዚህ በኋላ የሚያዳምጡት የሌላቸውን ባለቤታቸውን ትተው አልፈዋል። አርባ ዓመት ሙሉ «ድምፅ!» እየተባሉ ያደጉ ተማሪዎቻቸውም ዛሬ ቆመው ይሸኟቸዋል። በመካከላችሁ አንዲት ሴት አለች። ይህ ጽሑፍ እንዲነበብ ፈቅዳለች፤ ስሟ እንዲጠራ ግን አልፈቀደችም። ስለዚህ አንጠራትም። ማን ትሆን ብላችሁም ዞራችሁ እንዳትፈልጓት ቤተሰቡ በአክብሮት ይለምናል።

አፈሩ ይቅለላቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጸጥ ባለ ስፍራ ያሳርፍልን።