ጭጋግ ሲጥል የሚደክም ሞተር

ኦክቶበር 8
ዛሬም ዘገየሁ። አሮጊቷ መኪናዬ የማክሊን ዳገት አጋማሽ ላይ ጉልበት ከዳት። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ እሷ ትንገጫገጫለች። የኋላ ወንበር ላይ የመንደሩ ደብዳቤ ሁሉ ተከምሯል። አሥር ደቂቃ ቆሜ ባስነሳት… ምንም እንዳልሆነች እብስ አለች። ምን ነክቷት ነው?

ኦክቶበር 11
ከሰዓት መካኒኩ ክሌይተን ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አየና ዘጋው። አንድ ዙር ነድቶ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ አመጣልኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣
«ቬርና፣ መኪናዋ ጤነኛ ናት። የታመመችው ሾፌሯ ናት!» አለኝ።
ሳቁ። አለቃዬ ሃዘል እንኳ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ደብዳቤ ያደረስኩ ሰው… ቆይ ብቻ።

ኦክቶበር 12
ሴፕቴምበር ላይ ካንዴላ የቀየረልኝ ማን ነው? እሱ! ከዚያ በፊት አንድ ቀን ቆማብኝ ታውቃለች? አበላሽቷት ነው የሚስቅብኝ። በሚቀጥለው ወር የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ የአውቶቡሶቹን ጥገና ሊሰጠው ነው። ጋራዡ ያለዚያ ሥራ የበረዶውን ወራት አይሻገርም። አያገኛትም።

ኦክቶበር 19
ደብዳቤ ባደረስኩበት በር ሁሉ ተናገርኩ። «ክሌይተን የነካው መኪና አይድንም።» ሁለት ሰዎች ቀጠሯቸውን ሰርዘውበታል አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኦክቶበር 24
የነዳጅ ማጣሪያውን ራሴ ቀየርኩ። ፓምፑንም። ያው ናት። ግን… ማክሰኞ ፀሐይ ነበር፣ አልቆመችም። ትናንትም ፀሐይ ነበር፣ አልቆመችም። የምትደክመው ከባሕሩ ጭጋግ ሲወጣ ነው። መኪና ጭጋግ ይፈራል እንዴ?

ኦክቶበር 29
ጭጋግ። ዳገቱ ላይ ደከመች። ዛሬ አልጠበቅኩም፤ ዘልዬ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አነሳሁ። አየርና ነዳጅ የሚቀላቀሉበት ካርቡራተር ጉሮሮ ውስጥ በረዶ! ነጭ፣ እንደ ፍሪዘር ግድግዳ። እያየሁት ቀለጠ። ቆማ ስትጠብቅ ይቀልጣል፣ ለካ ችግሩ ለዚህ ነው የማይገኘው።
እርጥብ አየር ገብቶ በረዶ እንዳይሠራባት ከጭስ ማውጫው ሙቅ አየር የሚያመጣ ቱቦ ነበራት። የለም። የት ሄደ?
…እኔው ነኝ ያወጣሁት። በኦገስት በፖስታ ያስመጣሁት የሚያብረቀርቅ የአየር ማጣሪያ የቱቦ ቦታ የለውም። እንድታምር ብዬ! አሮጌውን ከነቱቦው ጓዳ ወረወርኩት። ክሌይተን ምንም አላደረገም።

ኦክቶበር 30
አሮጌውን መለስኩ። ጭጋጉን ሰንጥቃ ዳገቱን ወጣች። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል። እንዴት ብዬ? አፍሬያለሁ።

ኖቬምበር 2
የብሉቤሪ ፓይ ጋግሬ ጋራዡ ሄድኩ። «ቱቦው ነው ለካ» አልኩት።
«አውቃለሁ። ያን ዕለት ኮፈኑን ስከፍት አይቻለሁ።»
«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»
«እስቲ ትንሽ ትልፋ አልኩ። ያን ማጣሪያ ራስሽ ስትገጥሚው መቼ ጠየቅሽኝ?»
ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ከኋላዬ እየመጣ ዳገቱ ላይ ልቆም እንደምችል… ያውቅ ነበር? ይቅርታዬን ዋጥኩት። ፓዩንም ይዤ ወጣሁ።

ኖቬምበር 9
ኮሚቴው ጠራኝ። ክሌይተን ጥግ ተቀምጦ ቆቡን በእጁ ያዞራል። ሰብሳቢው ሚስተር ጊሊስ፣
«ወይዘሮ ቬርና፣ መኪናዬን አበላሸብኝ ብለዋል። እውነት ነው?»
«ውሸት ነው» አልኩ። «ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»
ክሌይተን እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ፊቱ ፈካ።
«እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር። መኪናዋ ዳገት ላይ እንደምትቆምብኝ እያወቀ ሳቀብኝ። ራሱን ጠይቁት።»
ጠየቁት። አልካደም። አውቶቡሶቹ ለሌላ ከተማ ጋራዥ ተሰጡ።
ስወጣ ሃዘል እጄን ይዛ «ደግ አደረግሽ፣ እውነቱን ተናገርሽ» አለችኝ። እውነት ነው፣ አንድ ቃል አልዋሸሁም። መጀመሪያ «ውሸት ነው» ያልኩት ግን ክሌይተን ከመውደቁ በፊት እፎይ ብሎ እንዲተነፍስ ብዬ ነው።