ማሩን ያቀረብሁት እኔ ነኝ

ለወንድሜ ለይግዛው፣ ሁመራ

ከሰላምታው በፊት ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ። ሸጊቱን የጡት ልጅህ ባደረግህባት ዕለት፣ አውራ ጣትህን ነክረህ ያጠባሃትን ማር ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ይህን አገር ያውቃል። አገር የማያውቀው፣ ማሩን ሳቀርብ የት እንደምታስገባት አውቅ እንደነበር ነው። ከእሷ በፊት የወሰድሃት የአምባራሷ ዓለምዬ በአረቄ ቤትህ ያለ ደሞዝ እንደምትሠራ እየሳቅህ ነግረኸኝ ነበርና። ዝም አልሁ። ባሌ በሞተ ጊዜ ከሁመራ እየመጣህ መሬቴን ያረስህልኝ አንተ ብቻ ነበርህ፤ ብትርቀኝ ጦሜን አድራለሁ ብዬ ፈራሁ።

አሁን ሰላምታውን እንካ። እንደምን ሰነበትህ? ቆላው እንዴት ይዞሃል? ዘንድሮስ ወባው ምሮሃል? እኔ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። የደባርቅ ብርድ ጉልበቴን ቢይዘኝም እጄን አልያዘኝም። ፊደልን ከሟቹ ባሌ ከመሪጌታ ተክለ ማርያም የዳዊት መጽሐፍ ላይ ብቻዬን ስለቅም፣ «ደግሞ ለመበለት ፊደል ምን ይሠራላታል?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ሠራላት።

በሰው የላክኸውን ቃል ሰምተናል። «የጡት ልጄ ከቤቴ ኮብልላለች፤ ማሩን ያየ ሽማግሌ መልሶ ያስረክበኝ» ብለሃል አሉ። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለህ? በአገራችን ጣቱን ያጠባ ሰው ልጂቱን ሊያበላ፣ ሊያለብስ፣ ወግ ማዕረግ ሊያሳያት ነው እንጂ ሊነግድባት ነው? አባቷ ገሠሠ ከጃናሞራ ሲያመጣት አንድ ዋስ እንኳ ጥራ አላለህም። ጎረቤቶቹ «ዋስ ያዝ እንጂ» ሲሉት፣ «የጡት አባት ካደረግሁት ወዲያ ዋስ ጥራ ማለት ሰውየውን መስደብ ነው» ብሎ የተቆጣ እሱ ራሱ ነው። አንተ ግን ይህን ታውቅ ነበር። ማሩን ያስመጣኸኝ ለዚሁ ነው።

ሸጊቱ ቀን የሰው ሰሊጥ ስታርም ውላ፣ ማታ መጠጥ ስትቀዳ አመሸች። የሰሊጡን ደሞዝ አንተ ተቀበልህ። ጉልበቴን ክፈለኝ ብትልህ በሰካራሞችህ ፊት «አባት ለልጁ ደሞዝ ይከፍላል እንዴ?» አልሃት፤ እነሱም ሳቁልህ። ጫማዋንና ነጠላዋን በሣጥን ቆለፍህባት። ወንድሜ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ልጅ ይህን ማድረግህን ሳስበው ወገቤ ይቃጠላል።

ከአንተ አምልጣ እኔ ቤት የመጣች ሰሞን ከግድግዳው ፊቷን አታዞርም ነበር። ሰው ሲያዝንላት ደግሞ ትቆጣለች። የሴቶች ማኅበራችን በቀበሌው አሮጌ መጋዘን ውስጥ የሸማ ሥራ ማስተማር ጀምሮ ነበርና ወሰድኋት። እንደ እሷ ከየአገሩ የተመለሱ ሦስት ሴቶች አሉ። የሚያስተምሯቸው ሽማግሌው ሸማኔ አባ ድረስ ናቸው። እሳቸውም በመጀመሪያው ቀን፣ «ሴት ትፈትላለች እንጂ ከሸማኔ ጉድጓድ ትገባለች እንዴ? ዘመኑ ከፋ!» ብለው መወርወሪያቸውን አጥብቀው ይዘው ነበር። የሠፈሩ ወንድማ በር ላይ ቆሞ፣ «እሜት ሸማኔ፣ እግርሽን ከጉድጓዱ እንዳትረሺው!» እያለ ይሳለቃል።

ሸጊቱ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን የከፈተች። «ሁመራ የጣሉኝ ጉድጓድ ከዚህ ይጠልቅ ነበር። ከዚህኛው ስፈልግ እወጣለሁ» አለቻቸው። አባ ድረስ መወርወሪያውን ሰጧት። «በይ ግቢ ልጄ፤ ድሩን ግን ከበጠስሽብኝ አልምርሽም።»

በጠሰችባቸው። አልማሯትም። ጮኹባት፣ እሷም መለሰችላቸው፣ እንደገና ቀጠለችው። የመጀመሪያው ጋቢዋ አንድ ጠርዙ የተንጋደደ ነበር። ገበያ አውጥታ ሸጠችው። አሁን ከእኔ ቤት ወጥታ ከመጋዘኑ ኋላ ጎጆ ተከራይታለች። የበሩን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ ሰው ሲያናግራት እንኳ በጣቷ ትነካካዋለች። ልጄ ትመለስልኝ የምትለው ይህችን ነው።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ ይቀመጣሉ። ግማሾቹ፣ «የጡት አባትን መካድ ነውር ነው፤ ሄዳ ይቅርታ ትጠይቀው» ይላሉ። ቄሱ አባ ኪዳነ ማርያምም ማሩ በቀረበ ዕለት ባርከውት ነበርና አንገታቸውን ደፍተው ዝም ብለዋል። ሁላችንም ዝም አልን። እሑድ ግን እቆማለሁ። ከላይ የጻፍሁልህን በሰው ፊት እናገራለሁ፤ «አውቄ ነው ያቀረብሁት፣ እሱም አውቆ ነው ያጠባት፣ ስለዚህ ያ ማር ማንንም አባት አላደረገም» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ በዚህ አገር ማን ቀና ብሎ እንደሚያየኝ አላውቅም። መሬቴንም የሚያርስልኝ ይጠፋ ይሆናል። ይጥፋ።

ለባለቤትህ ለአበባ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የሸጊቱን ነጠላ ለብሳው ከሆነ ይመቻት። ትንሹን ልጅህን አሻግሬን ጉንጩን ሳምልኝ፤ በእሱ ቂም የለኝም። ለዓለምዬም እንደምን ሰነበትሽ በልልኝ።

እህትህ ወለተ ጊዮርጊስ
ደባርቅ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ዓለምዬ፣ ይህን ሁሉ ጮክ ብለሽ አታንብቢ። ይግዛው ፊደል አይለይም፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርሽው አንቺ ደብዳቤውን ሁሉ እንደምታነቢለት ሸጊቱ ነግራኛለች። ለእሱ ሰላምታውን ብቻ አንብቢለት። «እህትህ ደኅና ናት፣ ብርዱ ጉልበቷን ይዟታል» በይው፤ ይበቃዋል። ቁጣዬን ሁመራ ወርጄ በደጁ ስደርስ በአፌ እነግረዋለሁ፤ በአንቺ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም።

እናትሽ ሞታለች ብሎሻል አሉ። አልሞተችም። ባለፈው ገበያ ከአምባራስ ገብስ ጭና መጥታ ነበር። ስለ ሸጊቱ መመለስ ሰምታ፣ «የእኔዋስ ለምን አብራት አልመጣችም?» አለችኝ።

ይህን መጀመሪያ ብቻሽን እንድታነቢው ለአንቺ በእጅሽ የሚያስረክብሽ ሾፌሩ ቢራራ ነው። ሸጊቱን በሰሊጡ ጆንያ መካከል ሸራ አልብሶ ያመጣት እሱ ነው። ጫማሽን አትፈልጊ፤ እንዳለሽ ከመኪናው ላይ ተሳፈሪ። ከሸጊቱ ጎን ሌላ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ድሩ ተወጥሮ ይጠብቅሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ ከምድጃው ጨምሪው። ስሙን ከላይ ብጽፈውም እነዚህን ገጾች የጻፍኋቸው ለይግዛው አይደለም፤ ተቀባይዋ አንቺ ነሽ፣ የአምባራሷ ዓለምዬ።