የታችኞቹ ቅርንጫፎች

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከማንጎው ሥር

ለልጅ ልጄ ለጦጢት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ምላሴም እንደ ድሮው ናቸው፤ አንደኛው ውሸት ነው፣ የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እናትሽም ደህና ናት፤ ሰሞኑን ግን ዓይኔን አታይም። ለምን እንደሆነ ብታውቂውም እነግርሻለሁ።

"አባባ፣ ማንጎው ታሟል፤ ባለሙያ ይመጣል" ስትለኝ ክው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስጠርብ የኖርኩ አናጺ፣ የገዛ ግቢዬ ዛፍ ሲታመም ሳላውቅ መቅረቴ አሳፈረኝ። ሰውዬው ሄልሜቱን ደፍቶ፣ ገመዱን በትከሻው አግድሞ መጣ። ገና ከበር ሳያልፍ የሙያ ፈቃዱን ዘረጋልኝ።

"ልጄ፣ ጥርሴን የነቀለው ሰው እንኳ ይህን ያህል ወረቀት አላሳየኝም" አልኩት።

ሳቀ። በትንሽ መዶሻ ግንዱን ዙሪያውን እየመታ ጆሮውን አስጠጋ።

"ይተርፋል?"

"ሁላችንንም ቀብሮ ይኖራል፣ አባባ።"

"ታዲያ የታመመው ምኑ ነው?"

እናትሽ ቀደም ብላ "የታችኞቹ ቅርንጫፎች ናቸው" አለች። ሰውዬው አጎንብሶ ገመዱን መፍታት ጀመረ። እኔ ሞኙ አመንኩ። እንዲያውም "ቀስ፣ እንዳያመው" እያልኩ ገመዱን ያዝኩለት። አንቺን በትከሻዬ አንስቼ መጀመሪያ ያስቀመጥኩሽ ቅርንጫፍ ሲወርድ ፊቴን አዞርኩ።

ዕቃውን ሲሰበስብ የወደቀውን አገላብጬ አየሁት። ብስባሽ የለው፣ ትል የለው። ለጠረጴዛ እግር የሚመኙት እንጨት ነው።

"ልጄ፣ እኔ እኮ አናጺ ነኝ" አልኩት።

መጋዙን በጨርቅ ጠረገ። "ታሟል ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አባባ። ዛፉ ጤነኛ ነው። በስልክ ያዘዘችኝ የልጅ ልጅዎ ናት። 'አያቴ እንዳይወጡበት እጃቸው የሚደርስበትን ቁረጥልኝ፤ ዛፉን ግን እንዳትጎዳው' ነው ያለችኝ።"

ወይ ጦጢት። ባለፈው ዝናብ አዳልጦኝ፣ ሸሚዜን ቅርንጫፍ ይዞት እንደ ታጠበ ልብስ መንጠልጠሌን ለማን ነገርኩ? ላንቺ ብቻ። እናትሽንማ ሸሚዙን ድመት ቀደደው ብያታለሁ። በስልክ ስትስቂ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቃችን አንድ መስሎኝ። ለካ አንቺ እየሳቅሽ ባለ መጋዝ ታፈላልጊ ነበር።

እናትሽ ብታደርገው አይገርመኝም፤ እሷ ወንበር ላይ ስቆምም ትጮሃለች። አንቺ ግን ወገኔ ነበርሽ። ሁሉም "ውረድ" ሲለኝ "ጠብቀኝ፣ እኔም ልውጣ" የምትይው አንቺ ነበርሽ። በእናትሽ አፍ "ዛፉ ታሟል" ከምትዪኝ፣ በራስሽ አፍ "አባባ፣ ፈራሁ" ብትዪኝ ምን ነበረበት? ዛፍ እንደሚታከም እየነገሩ ሰውን መከርከም ከየት የተማርሽው ነው?

ለማንኛውም እጅ አልሰጠሁም። ካስቆረጥሻቸው ቅርንጫፎች መሰላል ሠርቼ ግንዱ ላይ አስደግፌዋለሁ። እናትሽ አይታ ምንም አለማለቷ ገርሞኛል። ሰኞ ልወጣ ስል ነፋስ ነበር። ትናንትም ነበር። ዛሬ ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ቢሆንም ነፋሱ ሳይነሳ አይቀርም።

ከላይ ሆኜ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ይታየኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከዚያ ነበር የማይሽ፤ ከሄድሽ በኋላም ወጥቼ አየው ነበር። አሁን የሚታየኝ የአጥሩ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ስትመጪ በሩን ጠንከር አድርገሽ ምቺ፤ እንደ ድሮው ቀድሜ አላይሽም።

ቂሜ ገና አልወጣልኝም። መሰላሉን ግን እይዝልሻለሁ። አንቺ ወጥተሽ የሚታየውን ትነግሪኛለሽ።

የረገጥሽው ሁሉ ይጽናልሽ፤ የያዝሽው አይክዳሽ።

የተከረከመው አያትሽ