አባባ የሚያውቀው ሰማያዊ

ውድ ወንድሜ ማሙሽ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ የአባባ መኪና ነጭ አትቀባም። ይህን ካወቅህ ሰላምታዬን ተቀበል።

ለጤናህ እንደምን አለህ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጫማህን የሚያስርልህ ሰው ትጠራለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከማጉረምረሙ በቀር ደኅና ነኝ። አባባም ይበላል፣ ይተኛል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይተቻል። ይህን ደብዳቤ በቁጣ ጀምሬ ቀደድኩት፤ እንደገና ብጀምረውም ቁጣው አልበረደም። ስልክ ያልደወልኩት ደግሞ ስቆጣ "መስመሩ ተቆራረጠ" እያልክ ስለምታመልጠኝ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም።

መኪናዋ ለምን እንደምትሠራ የረሳህ ስለመሰለኝ ልድገመው፤ መድገም ያረጀሁበት ሙያ ነው። አባባ እግሩ እምቢ ካለው ወዲህ ከተሽከርካሪ ወንበሩ አንሥቶ መኪና ውስጥ ማስገባት መከራ ሆኗል። ከክብደቱ የባሰው ግን የማያውቀው መኪና ውስጥ አልገባም ማለቱ ነው። ባለፈው ለሐኪም ቀጠሮ የጎረቤታችንን መኪና ብናመጣለት የበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "የሰው ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አልቀመጥም" አለ። ጎረቤታችን መሪውን እንደያዘ፣ "ኧረ አባቴ፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ!" ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ "አንተንስ ማን ያውቅሃል?" አለው። ቀጠሮውም አለፈ። ጓሮ የቆመችውን የራሱን አሮጌ ሚኒባስ ለወንበሩ በሚመች መንገድ እናሠራት ያልነው ለዚህ ነው። አንተም "ግሩም ሐሳብ ነው፣ እትዬ" ብለህ ነበር።

የጋራዡ ባትላሜራ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ የኋላውን በር አስፍቶ፣ ጣራውን ከፍ አድርጎ፣ ወንበሩ እየተንከባለለ የሚወጣበት ታጣፊ መወጣጫ ሠራላት። መወጣጫው መጽናቱን ለመፈተን እኔኑ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ገፍቶ ሲያስገባኝ የጋራዡ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ነገር ግን ግማሽ አካሏ አዲስ ቆርቆሮ ስለሆነ ሙሉውን መቀባት ግድ ሆነ።

ቀለም ቀቢውን ጋራዡ ውስጥ "ጥድፊያ" ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ለናሙና በበሩ ጠርዝ ዙሪያ ካለው ላስቲክ ሥር ፀሐይ ያልነካውን ሰማያዊ ቀለም አሳየሁት። ቀላቀለና የጋራዡ ፍሎረሰንት መብራት ሥር አስጠግቶ፣ "ይኸው ቲቸር፣ ቁርጥ እሱን!" አለኝ። ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ረጭቶ፣ ሲደርቅ ደጅ እንዲያወጣው ነገርኩት። ደጅ ሲወጣ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። "ቲቸር፣ መኪና ነው የምንቀባው ወይስ ፈተና ነው የምናርመው?" አለኝ። "ፈተና ነው፤ ወድቀሃል፣ ድገም" አልኩት። እየሳቀ ደገመ፤ እያጉረመረመም ሠለሰ፤ በመጨረሻ ልክ መጣ።

ቁራጩን ለአባባ ወስጄ አሳየሁት። ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ "ቆንጆ ነው። የማን ነው?" አለኝ። ክው አልኩ። ቀለሙ መኪናዋ አዲስ በነበረች ጊዜ የነበረው ራሱ ነው፤ እኔም የፈለግኩት ትክክለኛውን ነበር። አባባ የሚያውቃት ግን ፀሐይና ዝናብ ያነጣትን፣ ወደ አመድ ያደላችውን ነው። የነዳጅ መሙያውን ክዳን አስፈትቼ አመጣሁለት። በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገውና፣ "ቁልፉን አምጪልኝ" አለ። ማሙሽ፣ ቁልፉን አምጪልኝ ነው ያለው! ከዚህ ቤት ልውጣ ካለ ስንት ጊዜው ነው?

እንግዲህ አዲሱን ቀለም አሮጌ ማስመሰል ያዝን። ጥድፊያ፣ "ሰው አሮጌዬን አዲስ አስመስልልኝ ይላል፤ የእርስዎ ብቻ ነው የተገላቢጦሽ" እያለ ቢያሾፍብኝም፣ ክዳኑን ፊቱ አስቀምጦ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ ደረሰበት። ጠዋትም ከሰዓትም ክዳኑንና አዲሱን ናሙና ደጅ አውጥተን አስተያየናቸው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ እሱም ጠፋው። ሰኞ ሊረጭ ተስማማን።

ሰኞ ስደርስ የኋላ በሯ ነጭ! ፍሪጅ መስላ ቆማለች። ጥድፊያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ወንድምዎ ደውለው ነጭ አድርጋት አሉኝ፤ ቲቸርም ያውቃሉ ብለውኛል" አለ። እኔ አውቃለሁ? ከመቼ ወዲህ? አባባን ማጠብና ማጉረስ ለእኔ፣ መወሰን ለአንተ ተብሎ የተከፋፈልነው መቼ ነው? እኔ እዚህ ጠብታ ስቆጥር አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ በአንድ ደቂቃ ስልክ ናድከው!

ነጭ ሙቀት እንደማይስብና ሲጫርም ለመጠገን እንደሚቀል ማስረዳትህን ነገረኝ። ይሁን፣ ምክንያት ነው፤ ግማሽ ነጥብ እሰጥሃለሁ። ሦስተኛውን ግን ሲነግረኝ ዐይኑን ሰበረ። "በኋላ ለመሸጥም ነጭ ይሻላል" ብለሃል አሉ። ከምን በኋላ፣ ማሙሽ? እስቲ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው! አባትህ እኮ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መኪናውን ይጠብቃል። ርቀት ሰውን እንደሚያስቸኩል፣ አንድ ነገር ላድርግለት ብለህ እንደደወልክም አላጣሁትም። ቢሆንም አንጀቴ አሯል።

መኪናዋ የአባባ ብትሆንም ሊብሬዋ በአንተ ስም ስለሆነ ጥድፊያ ሥራውን አቁሞ፣ "በእህትና በወንድም መካከል መርጫዬን አላስገባም፤ ራሳቸው ይደውሉልኝ" ብሏል። ሰማያዊው ተቀላቅሎ፣ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የሐኪሙ አዲስ ቀጠሮ በወሩ መጨረሻ ነው። አባባ ክዳኑን አልመልስም ብሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይውላል።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ ብትጠየቅ ኖሮ ይህ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ሥዕል የምትወደውን ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ ነጭና ሰማያዊ አንድ አለመሆናቸውን ታስረዳህ። ትንሹን ደግሞ ጥርሱ ስለበቀለ እንኳን ደስ አለህ በልልኝ። አባባም ሁላችሁንም ሰላም ብሏል፤ አንተን በተለይ "ያ ችኩል እንዴት ነው?" ሲል ጠይቋል። እኔ አልነገርኩትም፤ በራሱ ነው ያወቀው።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጥና ለጥድፊያ ደውል። "ሰማያዊ" በለው፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ከዚያ ቁጭ ብለህ "ከምን በኋላ" ላልኩህ መልሱን ጻፍልኝ፤ በቶሎ፣ ወሩ ሳያልቅ።

እህትህ፣ እትዬ
ከአባባ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ጥር 5 ቀን