ጣሪያ ባለው ገንዳ ውስጥ ስለገባችው ፀሐይ

ለእጅግ የተከበሩ የፍሳሽ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የሆድ ጤና፣ ከልብ እመኝልዎታለሁ። ሆድዎን ለምን እንዳስቀደምኩ ከታች ይደርሱበታል።

እኔ እስካለፈው ወር ድረስ የኮንክሪት ላብራቶሪዎ ባለሙያ የነበርኩ፣ ዛሬ ደግሞ በመልካም ፈቃድዎ በዕቃ ግምጃ ቤት መጥረጊያ የማድል ሴት ነኝ። ስለ ዕድገቱ አመሰግናለሁ፤ መጥረጊያ ቢያንስ ያላጸዳውን አጸዳሁ ብሎ አይፈርምም። ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለአዲሱ የፍሳሽ ገንዳ ውሃ የማያሳልፍ ኮንክሪት እንዲመረጥ፣ ማለትም ውሃው የተመጠነ፣ ሲሚንቶው የፍሳሽን ጨውና አሲድ የሚችል፣ የግድግዳው መጋጠሚያም ውሃ ማገጃ ላስቲክ ያለው እንዲሆን ባመለከትኩ ጊዜ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የኔ ልጅ፣ ኮንክሪት ኮንክሪት ነው፤ ይሄን ለባልሽ ንገሪው» ብለው ስለመከሩኝ ባለውለታዎ ነኝ። ባል የለኝም፤ ስለዚህ ለሕዝብ ለመንገር ተገድጃለሁ። የመረጡት ለአጥር ምሰሶ የሚሆነውን ቅልቅል ነበር። እሱም አልፈስ ሲል፣ ጎብኚዎች ሳይደርሱ ሙሌቱ እንዲያልቅ የውሃውን ጎማ ወደ ማቀላቀያው ያስገቡት በገዛ እጅዎ ነው። ያ ትርፍ ውሃ ሲደርቅ በየቦታው ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ፍሳሽ ደግሞ እንደ እኔ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ አይጠብቅም፣ ቀዳዳ ካገኘ ያልፋል።

ሁለተኛ፤ ግድግዳው ማላብ ሲጀምር በልስን አስለብሰው አሳመሩት። እንዲህ ያለ ሕክምና ሬሳ ከሚያሰማምሩ ሰዎች በቀር ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ገንዳውን በንጹሕ ውሃ ሞልተን ስንፈትሸው ውሃው አንድ ስንዝር ጎደለ። እርስዎም «በፀሐይ ሙቀት የተነነ» ብዬ እንድፈርም አዘዙኝ። ገንዳው የኮንክሪት ጣሪያ አለው፤ ላዩ ላይ ቆመው ፎቶ ተነስተዋል። አልፈርምም በማለቴ ሥነ ምግባር የጎደላት ተባልኩ። በእኔ ወንበር የተተካው የእህትዎ ልጅ ግን ፀሐይዋን በዓይኑ አይቷት ኖሮ ሳያመነታ ፈረመ።

ከገንዳው ቁልቁል ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት ጉድጓድ መኖሩን ያውቃሉ፤ መሥሪያ ቤታችንም የሚጠጣው ከዚያው ነው። የምጠይቀው ወደ ቀድሞ ወንበሬ እንድመለስ አይደለም። ገንዳው ፍሳሽ መቀበሉን ዛሬውኑ ያቁም፣ ይራገፍ፣ ግድግዳው ልስኑ ተልጦ እንደገና ይፈተሽ። ይህን በመጠየቄ ይቅርታ እንድጠይቅ የላኩልኝን ማስጠንቀቂያ አንብቤዋለሁ፤ አልጠይቅም።

በጣሪያ ሥርም ሆነ ከጣሪያ ውጪ፣ ፀሐይዎ በወጣች ቁጥር በአድናቆት አንገቴን የምደፋልዎ፣

ፊርማዋን ይዛ የወጣችው የመጥረጊያ ኃላፊ።

ማስታወሻ፤ ገንዳው ፍሳሽ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ከጉድጓዱ እንዳይጠጣ ለሰፈሩ ሰው ቤት ለቤት እየዞርኩ ተናግሬያለሁ። ጠረጴዛዎ ላይ ያለውን ጆግ ጠዋት ጠዋት የሚሞሉልዎ የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችንም ለራሳቸው ከሌላ ቦታ ማምጣት ጀምረዋል። ለእርስዎም ጨምረው ያምጡ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ አይድከሙ፣ እሳቸው ፀሐይ ነው ብለዋል አልኳቸው።