ቁጥር ሃያ ስምንት ስለሆነው የእትዬ ሂሩት ቤት

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለተከበሩ አቶ ዳኘ፣
የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ብዙ ጊዜ ብቻውን የሚውለው የቢሮዎ ወንበር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በእርስዎ ጥላ ሥር፣ አንዳንዶቻችንም በእርስዎ ዛፍ ሥር፣ ፈጣሪ ይመስገን አለን።

እኔ አጵሎስ ኤርሱሞ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ቀለም የምቀባው፣ ትምህርቴንም ዘጠነኛ ክፍል ላይ በራሴ ፍላጎትና በዳይሬክተሩ ብርቱ ድጋፍ ያጠናቀቅኩት ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ አምና በቀበሌው የድምፅ ማጉያ የስብሰባ ጥሪ ሲነበብ መሀል ገብቶ እንደ ፍየል የጮኸውን ሰው የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። የኮሚቴው አባላት እስካሁን እየደከሙ ከሆነ እንዲያርፉ ይንገሩልኝ፤ እኔ ነበርኩ።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ያላስገባሁት በንቀት አይደለም። የእትዬ ሂሩት ሦስት ማመልከቻዎች እዚያ መሳቢያ ውስጥ ተመቻችተው ስለተኙ፣ ገብቼ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው። ስለዚህ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሕዝቡ ቀድሞ ቢያነበው አይቀየሙኝ፣ ሕዝቡ ከእርስዎ ቀድሞ ቀበሌ መድረስ ለምዷል።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዛፉ። በቀበሌው ግቢ ውስጥ የነበረው ትልቁ ባሕር ዛፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ እትዬ ሂሩት ቤት አዘንብሎ፣ የጣሪያቸውን ቆርቆሮ እያየ ኖሯል። እትዬ ሂሩት ገበያ ቆጮ ሸጠው ልጃቸውን ቤቴልን የሚያሳድጉ፣ ማንንም የማያስቸግሩ ሴት ሆነው ሳለ፣ ይህን ዛፍ ቁረጡልኝ ብለው ሦስት ጊዜ አስቸገሩዎት። እርስዎም በሦስተኛው ላይ በገዛ እጅዎ «ዛፉ አዘነበለ እንጂ አልወደቀም፤ ሲወድቅ ያመልክቱ» ብለው መሩበት። ዛፉ ለመመሪያ ተገዢ ነበርና ሚያዝያ 21 ቀን፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያ ከጃጁራ በኩል የመጣው ነፋስ የሱቆቹን ሸራ እንደ ወረቀት ሲያበር ወደቀ። እናት ገበያ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስለነበሩ ሰው አልተጎዳም። የቤቱ ግማሽ ጣሪያ ግን መሬት ነካ፤ የዛፉ ጫፍም ጓሮ ደርሶ እንሰቱን ጨፍልቆ፣ ለክረምት የተቀበረው ቆጮ ጉድጓድ ላይ ተጋደመ። እትዬ ሂሩትም በመመሪያው መሠረት በማግስቱ ሊያመለክቱ መጡ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ደቦው። በዚያው ማግስት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሳህሉ አርባ ሰው ከነመጥረቢያው ሰበሰቡ፤ እንጨት ነጋዴው አሕመዲንም የሞተር መጋዙን በነፃ ይዞ መጣ። ጋሽ ሳህሉ «እስከ ምሳ ዛፉ ማገዶ፣ ቤቱም ቤት ይሆናል» አሉ፤ ሴቶቹም ለአርባ ሰው የሚሆን ጎመን መቀቀል ጀመሩ። ይሄኔ ነው እርስዎ ያንን ነጭ ጫማ አድርገው ከስብሰባው የወጡት። «ዛፉ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሳይመዘገብና ኮሚቴው ሳይወስንበት አንድ ቅጠል እንዳይነካ» አሉ። አሕመዲን መጋዙን አጥፍቶ «ጌታዬ፣ ቤቱስ የማን ነው?» ቢልዎ፣ «ቤቱ የግለሰብ ነው» ብለው ሕጉን አስረዱት። አሕመዲን ገባው፤ የወደቀው የመንግሥት፣ የተወደቀበት የግለሰብ። ከዚያ ግንዱ ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ። «ሥራ አስኪያጁ የነፋስ አደጋ ተጎጂዎችን ጎበኙ» ተብሎ በፌስቡክ ሲወጣ እኔም አይቼዋለሁ፤ በፎቶው ላይ የሚታየው ብቸኛ ተጎጂ ጭቃ የነካው ነጭ ጫማዎ ስለሆነ ከልብ አዝኛለሁ። አርባው ሰው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ቀብር ደርሶ እንደሚመለስ ወደየቤቱ ሄደ። ጎመኑን ለሦስት ቀን በላነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ቁጥሩ። እዚህ ላይ እኔም እጄ አለበት፤ ቀለሙም ገና አልለቀቀም። በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝና ቀይ ቀለም ይዘህ በቀበሌው ዙር አሉኝ፤ ትእዛዝዎም ቃል በቃል «በቀበሌያችን ነፋሱ የጣለውን ሁሉ ቁጥር ስጥ፤ አንድም እንዳታስቀር» የሚል ነበር። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ትእዛዝ የፈጸምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአንድ ጀምሬ ዛፍ ዛፉን እየቆጠርኩ ሄጄ እትዬ ሂሩት ቤት ላይ የተጋደመውን ሃያ ሰባት አልኩት። ቀና ስል ጣሪያው ወድቋል። ነፋሱ የጣለውን ሁሉ ብለዋል፤ አንድም እንዳታስቀር ብለዋል። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ፣ ከመናኸሪያ እንዲነበብ አድርጌ፣ ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ሐሳቤ ተንኮል ነው፣ አልክድም፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ «ቤት» የሚል ሲያነቡ ይናደዱና ሊቆጡኝ ይመጣሉ፣ ሲመጡም ቤቱን ያዩታል ብዬ ነበር።

ክቡርነትዎን ከፍ አድርጌ ገምቼ ተሳሳትኩ፤ አላነበቡትም። የመዝገብ ቤቷ ሳባ የሰጠኋትን ወረቀት እንዳለ ተየበችው፤ ሥራዋ መተየብ ነው። እርስዎ ፈረሙበት፣ ማኅተም ተመታበት፣ ተለጠፈም፤ «27. ባሕር ዛፍ፣ አንድ። 28. ቤት፣ አንድ።» ከሥሩም፦ «ቁጥር የተጻፈበትን ንብረት ያለ ሥራ አስኪያጁ የጽሑፍ ፈቃድ የነካ፣ የከፈተ ወይም ያንቀሳቀሰ በሕግ ይጠየቃል።»

አራተኛ፣ ስለ ጋሽ ተገኘ። የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ተገኘ የቀድሞ ወታደር መሆናቸውንና በዚህ አገር የተለጠፈ ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው አንብበው የሚታዘዙ ብቸኛ ሰው መሆናቸውን ያውቃሉ። ማስታወቂያው በተለጠፈ በሰዓቱ የቀበሌውን ቁልፍ አምጥተው የእትዬ ሂሩትን በር ቆለፉት፤ በርጩማቸውንም ደጃፉ ላይ አኖሩ። እትዬ ሂሩት ከማድ ቤት፣ ከልጃቸው ጋር ከሚያድሩበት፣ ወጥተው ብርድ ልብስ ላውጣ ቢሏቸው «እትዬ፣ ያሳዝኑኛል፤ ግን ቁጥር አለው» አሏቸው። ቤቴል የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ ደርሷል፤ ደብተሮቿ ውስጥ ናቸው። በመስኮት ሽቦ አስገብታ አንዱን ደብተር በስንት መከራ ጎትታ ብታወጣው፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔንም አታስቀጪኝ» ብለው መልሳ እንድትወረውረው አደረጓት። ሳይንስ ነበር።

ቲነር ይዤ ቁጥሬን ላጥፋው ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ተገኘ ማጥፋትም መንካት ነው አሉኝ፤ ትክክል ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቢሮዎ አምስት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ሁለቴ ስብሰባ፣ አንዴ ሥልጠና፣ አንዴ ሞርሲቶ ድረስ ለቅሶ፣ አንዴ ደግሞ ሳባ ራሷ የት እንዳሉ አታውቅም ነበር።

እትዬ ሂሩት አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ረቡዕ በመናኸሪያው በኩል ሲያልፉ ቆም አሉና «አጵሎስ፣ ያንተ ቀልድ ድሮ ያስቀኝ ነበር» ብለውኝ ሄዱ። እኔ በሦስት ዳይሬክተሮች ተገርፌአለሁ፤ አንዱም እንደዚህ አላመመኝም።

አምስተኛ፣ ስለ ዝናቡ። ቀበሌው ያልመዘገበው እሱን ብቻ ነው። ሰሞኑን ጀምሯል፣ በክፍቱ ጣሪያ ይገባል፣ ግድግዳውም ጭቃ ነው። የምሥራቁ ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ሰነፍ ተማሪ ወደ ጎረቤቱ ዘመም ብሏል፤ ጋሽ ሳህሉ አንድ ቀን ደህና ዝናብ ከመጣ አይቆምም ብለዋል። ያኔ ደቦው የሚጠግነው ቤት አይኖርም፤ የእርስዎ ዝርዝርም «28. ጭቃ፣ አንድ» ተብሎ መታረም ይኖርበታል።

አሁን ወደ ምስጋናው ልምጣ፤ ምስጋና የማያውቅ ልጅ እንዳይሉኝ።

ቀበሌው ዛፍ ማንሳት ያቅተዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ይህን ሐሜት ስሰማ እቆጣለሁ። ምክንያቱም በእርስዎ መኖሪያ በር ላይ መንገድ ዘግቶ የነበረው ዛፍ ቁጥር ሦስት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት ተነሥቷል። ኮሚቴውም እንዴት ፈጥኖ እንደተሰበሰበ፣ እንዴት ፈጥኖ እንደወሰነ ሳስብ እደነቃለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ደግሞ የእርስዎን አዲስ አጥር አየሁ፤ እጅግ ያምራል። ከግራ በኩል ሁለተኛው ቋሚ ላይ አንድ ቀይ ሦስት አለች። ሌላ ሰው የጻፋት እንዳይመስልዎ፤ የእኔ ሦስት ጅራቷ ረዘም ትላለች። ቋሚዋ የመንግሥት ንብረት ስለሆነች ጋሽ ተገኘ በርጩማቸውን ይዘው እዚያ እንዳይመጡ ለማንም አልነገርኩም። እስከ ዛሬ ድረስ፣ ማለቴ እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ።

የምለምነው አንድ መስመር ነው፤ «27 እና 28 ቁጥራቸው ተነሥቷል» የሚል፣ ከሥሩ ፊርማዎ። ለኮሚቴም፣ ለጉብኝትም፣ ለፎቶም አናስቸግርዎትም። ዛፉን ስንቆርጥ ግንዱን ለቀበሌው እናስረክባለን፤ እትዬ ሂሩት የሚፈልጉት ከሥሩ ያለውን ነው።

በመጨረሻም፣ የያዙት ወንበር እንዲመቸዎት፣ ነፋስም ዛፍም ወደ እርስዎ እንዳያዘነብል፣ ቢያዘነብልም ማመልከቻዎ በወቅቱ እንዲነበብልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በቀበሌዎ ታሪክ ትእዛዝዎን ቃል በቃል በመፈጸም ሁለተኛ (አንደኛው ጋሽ ተገኘ ናቸው) የሆንኩት፣ የሚገባዎትን ያህል የማከብርዎ

አጵሎስ ኤርሱሞ
የባጃጅ ቀለም ቀቢ፣ የቀበሌው ጊዜያዊ ቁጥር ሰጪ

ማስታወሻ፦ ሥራዬን እንዳልጨረስኩ ዛሬ ትዝ አለኝ። ያ ነፋስ ከቢሮዎ በር ላይ «ቅሬታዎን ወዲያውኑ እንፈታለን» የሚለውን ሰሌዳም ጥሎታል፤ እስካሁን ከኮሪደሩ ጥግ ተደፍቶ ነው ያለው። አንድም እንዳታስቀር ብለውኝ ነበርና ዛሬ ቅዳሜ ሄጄ፣ የሰሌዳው ቦታ እሱ ስለሆነ፣ የቢሮዎን በር ሃያ ዘጠኝ ብዬዋለሁ። ጋሽ ተገኘ አይተውታል፤ ሰኞ ጠዋት በርጩማቸውን እዚያ እንደሚያዞሩም ነግረውኛል። የሚሉዎትን እኔ አስቀድሜ ልንገርዎ፦ «ክቡርነትዎ፣ ያሳዝኑኛል፤ ግን ቁጥር አለው።» በሩ የሚከፈተው በእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። የፈቃዱን ወረቀት ሳባ ተይባ ለጋሽ ተገኘ ሰጥታቸዋለች፤ 27፣ 28 እና 29 አንድ ላይ ስለተጻፉ ለየብቻ አይፈረሙም። ማኅተሙ ቢሮ ውስጥ ነው እንዳይሉ፣ ፊርማ ብቻ እንደሚበቃቸው ጠይቄአቸዋለሁ። ደረጃው ሥር አርባ ሰው መጥረቢያ ይዞ ቆሞ ካዩ አይደንግጡ፤ ለዛፉ ነው።