በአንድ ወንበር ስለተቀመጡት ተከሳሽ፣ አስተርጓሚና ዋስ

ለተከበሩ የሰፈራችን የቤተሰብ ሰላም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሙቀቱና አቧራው እንዴት ይዞዎታል? ባለፈው ሳምንት ደጅዎ ላይ ወረፋ ይዘን ስንጠብቅ የቢሮዎ ቬንቲሌተር ቆሞ ሠራተኞችዎ በካርቶን ሲያራግቡ አይቼ ከልቤ አዝኛለሁና፣ ተጠግኖ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኛ ጎረቤቶች ደህና ነን፤ ከአንዷ በቀር።

የአንዷ ነገር ነው እንድጽፍልዎ ያደረገኝ። ለዚህ ደብዳቤ ስል ሱሃይላ ብዬ እጠራታለሁ፤ የሌሎቹንም ስም ቀይሬያለሁ። ሱሃይላ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ በመተማ በኩል የገባች፣ የስደተኛ ወረቀት የያዘች፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጃዕፈር ለሚባል፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ለሚያመላልስ የመኪና ባለቤት የተዳረች ሴት ናት። ጃዕፈር ለመንደሩ መልካም ሰው ነው፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ መዋጮ አያስታጉልም። ሚስቱን ይደበድባታል። ይህንን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በትሕትና የምጽፍበትን መንገድ ፈልጌ ስላጣሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በቅርቡ ክንዷን ሰበረውና፣ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ወደ እናንተ መጣች። የለመነችው ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ወደሚያርፉበት መጠለያ የሚያስገባ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ስላደረጋችሁላት መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አስተርጓሚ ስላቀረባችሁላት። የሱሃይላ አማርኛ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመግዛት እንጂ አቤት ለማለት አይበቃም፤ ኦሮምኛዋም ከ«አካም» ሰላምታ አያልፍም። ይህን የተረዳው ሠራተኛዎ፣ ጂዳ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ዐረብኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ወዲያው በስልክ አስጠራላት፤ ባሏን። ጃዕፈርም መጣ፣ ለሁሉም በየተራ ሰላምታ ሰጠ፣ ከጎኗ ተቀመጠ። እሷ ረጅም ነገር ተናገረች። እሱ አሳጥሮ «ደረጃ አዳልጧት ነው፤ የአገር ናፍቆትም አለባት» ብሎ ተረጎመው። የሚኖሩት መሬት ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ መሆኑን፣ ቤቱም አንድም ደረጃ እንደሌለው መናገር የምንችል ጎረቤቶቿ ከኋላ ቆመን ሳለ አልተጠየቅንም። ወረፋ የያዘችው ጎረቤታችን ፋዲላ፣ እሷም ከጂዳ ተመላሽ ናትና፣ ተነሥታ «ኧረ እንደሱ አላለችም» ብትል፣ ጉዳዩ የማይመለከታት መሆኑ ተነግሯት ወደ ወረፋዋ ተመለሰች። ሥርዓት ሲከበር ማየት ደስ ይላል።

፪ኛ. ዋስ ስለጠራችሁባት። ስደተኛ ድንገት ልትሰወር ስለምትችል፣ አቤቱታዋ የሚከፈተው የከተማውን መታወቂያ የያዘ ዋስ ስታቀርብ ነው ተባለች። ፋዲላ እኔ ልሁን አለች፤ መታወቂያዋ ቀኑ ያለፈበት ሆኖ ተገኘ፤ ለእድሳት ከረመዳን በፊት ያስገባችው እዚያው ቢሮ፣ በሚቀጥለው መስኮት ነው። እኔም እጄን አወጣሁ። ሠራተኛዎ ዝምድናዬን ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። የማይዛመድ ወንድ ለሰው ሚስት ዋስ ሲሆን መንደር ምን እንደሚል አባታዊ በሆነ አንደበት መከረኝ፤ ልጁ ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በዚህ ጭንቅ መሐል ከወንበሩ ያልተነሣው ጃዕፈር አዲስ የታደሰ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ተፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። ሱሃይላ ከሸሸችው ሰው እንዳትሸሽ ራሱ የተሸሸው ሰው ኃላፊነት ወሰደ። ተከሳሽን፣ አስተርጓሚንና ዋስን በአንድ ወንበር ማስቀመጥ የመንግሥትን ወንበር መቆጠብ መሆኑን የማይረዳ ካለ፣ እኔ አይደለሁም።

፫ኛ. በሽማግሌ እንድትታረቅ ስለላካችኋት እርቅ ብዙ አልልም። ሽማግሌዎቹን የመረጠው ጃዕፈር ነው፤ ሁለቱ አጎቶቹ ናቸው፤ ሦስተኛው ከእሱ ጋር በመኪናው ድርሻ አለው።

፬ኛ. ምስጢር ስለመጠበቃችሁ። ከእርቁ በኋላ ሱሃይላ ወደ ቤት ስትመለስ ባጃጁን መንገድ ላይ አስቁማ ወረደችና አንድ ጎረቤት ቤት ገባች፤ የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ጃዕፈር እንደ ባል ቢፈልጋት ኖሮ የግል ጉዳይ ይሆን ነበር። እሱ ግን «ዋስ የሆንኩላት ሰው ጠፍታብኛለች» ብሎ አመለከተ፤ ዋስ ነውና የመፈለግ መብት አለው ተባለ። እኛም ሱሃይላን ይዘን ያንኑ የመጠለያ ደብዳቤ ለመለመን ዳግም መጣን። በመጀመሪያ ዋሱ በጽሑፍ መስማማት እንዳለበት፣ ቀጥሎም አሁን ያለችበት አድራሻ በፋይሏ ላይ መያዝ እንዳለበት፣ ይህም ከቢሮው እንደማይወጣ በትሕትና ተገለጸልን።  ከዚያ ሱሃይላ በፋዲላ አፍ ለሠራተኛዎ የነገረችውን፣ እሱ ስላልጻፈው፣ እኔ እጽፈዋለሁ፦ «ድንበር ላይ ከማን ሸሽተሽ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እሱን ጥሪውና ይምጣ ግን አላሉኝም።»

አድራሻውን ሰጠች። ሌላ ምን ታድርግ?

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከብዙ ሥራዎ ላይ ትንሽ ጊዜ ተርፎዎት እንደሆነ፣ የባሏ ፊርማ የሌለበት አንዲት ደብዳቤ ለመጠለያው ይጻፉላት ዘንድ እጠይቃለሁ። መጠለያው አልጋ እንዳለው በስልክ አረጋግጠናል፤ ክንዷም ቢሆን በአንድ እጅ ትንሽ ሻንጣ ለመያዝ አያግዳትም። ደብዳቤው እንዲረዝም አንፈልግም። «ተቀበሏት» ብትል ትበቃናለች።

ለወንበር ቁጠባዎ፣ ለአባታዊ ምክርዎ፣ ሰው ሁሉ ከሚፈራው ሰው ጋር እንዲታረቅ ለሚያደርጉት ያልተቋረጠ ጥረት ያለኝን አክብሮት ስገልጽ፣ ቬንቲሌተሩ ቶሎ እንዲሠራልዎም እየተመኘሁ ነው። ገለቶማ።

ትእዛዝዎን ጠባቂ፣
ምልኬሳ ወዬሳ
መታወቂያው የታደሰ፣ ዋስነቱ ያልተፈለገ ጎረቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ዳግም መጥተን ለለመንነው መልስዎ ደረሰን፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ሱሃይላ ጉዳይዋ እስኪታይ «ለደኅንነቷ ሲባል» ካለችበት አድራሻ እንዳትንቀሳቀስ ታዝዛለች። አድራሻው ከነቤት ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል፤ ከሥሩም «ግልባጭ፦ ለዋሱ» ይላል። ዋሱ ግልባጩን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ የግቢያችን በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላል። የጠራነው ፖሊስ መጥቶ ወረቀቱን አነበበ፣ ማኅተሙን አየ፣ መንገድ ላይ መቀመጥ ወንጀል አለመሆኑን አስረድቶን ሄደ። ሱሃይላ ጓዳ ውስጥ ናት። ግቢያችን ሌላ በር የለውም።